ሐረር ላይ በቀን 36 ፎቶ ብቻ፦ ካሜራ ማየት ያስተምራል ወይስ ያስረሳል?

ቀስ_ባይ (ርዕሱን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች። ከሐረር ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ይህን የምጽፈው ፎቶ ለማሳየት አይደለም። አንድ ሙከራ አድርጌ ነበርና ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ የእናንተንም ልስማ ብዬ ነው።

ከዚህ በፊት ሐረር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጉዞ በሦስት ቀን 1,400 ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው በሩም፣ ግድግዳውም፣ ስፌቱም፣ ጅቡም አለ። ከማን ጋር ምን እንዳወራሁ ግን አንድም ትዝ አላለኝም። የአንድ ሰማያዊ ግድግዳ ፎቶ አለኝ፤ የትኛው ሰፈር እንደሆነ፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ አጠገቤ ማን እንደነበረ አላውቅም። ከፊቱ ቆሜ ነበር፤ አላየሁትም።

ስለዚህ ዘንድሮ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። በቀን 36 ፎቶ፣ ልክ እንደ ድሮው ፊልም። ሌንሱ አንድ፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር፤ የማያጎላ፣ የማያሳንስ። መቅረብ ያማረው በእግሩ ይቅረብ። ያነሱትን እዚያው ከፍቶ ማየትም የለም፤ ማታ ብቻ።

የመጀመሪያው ቀን በጣም ከበደኝ። በሸዋ በር ገብቼ ፈረስ መጋላ ሳልደርስ 20ው አለቀ። የቀሩትን እየሰሰትኩ ዋልኩ። ነገሩ የተገለጠልኝ በማግስቱ መኪና ግርግር ላይ ነው። ለማያውቃት፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የምታወርድ ቀጭን መንገድ ናት። ስሟን ያገኘችው ግራና ቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነው።

አንድ ሽማግሌ በር ላይ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ፈቃድ ጠየቅኩ። «አንሳ፤ እኔ ግን ሥራዬን አላቆምልህም» አሉኝ። ካሜራዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከደረጃው ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ መጫን ስለማይቻል የምፈልገውን ማወቅ ነበረብኝ። መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያየው እሱን ነውና። ቀጥሎ እጃቸውን አየሁ። ጨርቁን ወደ መርፌው የሚገፉት በሁለት ጣት ነው፤ የቀሩት ጣቶች፣ የሞቀ ስኒ እንደያዘ ሰው፣ ወደ ላይ ተነስተው ይቆያሉ። ከዚያ ዓይኔ ወደ ፔዳሉ ወረደ። ብረቱ ላይ ፊደል ተቀርጾበታል። በቀኝ በኩል ያለው ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በግራ በኩል ያለው ተፍቆ ጠፍቶ ብረቱ እንደ መስታወት ያበራል። ሰውዬው የሚረግጡት በግራ እግራቸው ብቻ ነው።

ይህን ለማየት 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስጠይቃቸው ቀኝ እግራቸው በልጅነታቸው ተሰብሮ በደንብ ሳይገጥም እንደቀረ ነገሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። እዚያ ቤት ያነሳሁት ሦስት ፎቶ ነው፤ የእጃቸው፣ የፔዳሉ፣ ከማዶ ሆኜ የሙሉ በሩ። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ያን ደረጃ ከነስንጥቁ አየዋለሁ።

ካሜራ ለእኔ እንድቆም ሰበብ ሆነኝ። ባዶ እጄን ብሆን አንድ ልብስ ሰፊ በር ላይ ያን ያህል አልቀመጥም ነበር፤ አላፊ ነኝ፣ አልፍ ነበር። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

---

ተራራ_ወጪ

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፤ ግን አልስማማም። ዓይንህ ያየውን ለካሜራው አታመስግን። 40 ደቂቃ መቀመጥህ ነው ያሳየህ።

ሰሜን ተራሮች ላይ ከ11 ሰው ጋር ነበርኩ። አንድ መንጋ ጭላዳ ሜዳው ላይ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ወደፊት ሮጠ፣ መንጋው ፈቀቅ አለ፣ ሰዎቹ ተከተሉ። እኔ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ድንጋይ ላይ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ቡድን ራሱ ወደ እኔ መጣ፤ ሦስት ሜትር አይሆንም። ጭላዳ ሣሩን በጣቱ ሲነጭ ድምፅ አለው፣ ታውቃለህ? ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ያለማቋረጥ። ሃምሳ ሲሆኑ መሬቱ ራሱ የሚያኝክ ይመስላል። ከኔ ሌላ ያን ድምፅ የሰማ ከመካከላችን አልነበረም። ማታ እሳት ዳር ስጠይቃቸው «የምን ድምፅ?» አሉኝ።

---

አንባቢው_ከጅማ

ሁለታችሁም የምትሉት ላይ ጥናት አለ፤ የሚገርመው ሁለታችሁንም ይደግፋል።

ሊንዳ ሄንከል የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው አለ። ተማሪዎችን ሙዚየም ውስጥ አዙራ አንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አንሱ፣ አንዳንዱን ዝም ብላችሁ እዩ አለቻቸው። በማግስቱ ስትጠይቃቸው ፎቶ ያነሱትን ዕቃ ዝም ብለው ካዩት ያነሰ አስታወሱት። ካሜራው ይዞልኛል ብሎ አእምሮ ሸክሙን ያወርዳል ማለት ነው፤ የቀስ_ባይ 1,400 ፎቶ ይኸው። ግን በዚያው ጥናት፣ የዕቃውን አንድ ክፍል አቅርበው እንዲያነሱ የተነገራቸው ጊዜ ትዝታቸው አልቀነሰም። ያልቀረበውን ክፍል ጭምር አስታውሰዋል። ፔዳሉ ይኸው።

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በጆሮ የሚሰማ ማብራሪያ እየተከታተሉ ኤግዚቢሽን የሚጎበኙ ሰዎችን ፈተኑ። የወደዱትን ፎቶ እንዲያነሱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ያዩትን ይበልጥ አስታወሱ፤ የሰሙትን ግን ከሌሎቹ ያነሰ። ተራራ_ወጪ፣ ጓደኞችህ የጭላዳውን ድምፅ ያልሰሙት ስለሚዋሹህ አይደለም። ካሜራ ለዓይን የሰጠውን ከጆሮ ይወስዳል።

---

ተራራ_ወጪ

ይህን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። «ቅጭ ቅጭ»ን ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ።

---

ጨለማ_ክፍል

ልጆች፣ እኔ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ውስጥ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ወግ ሳነብ የድሮው ነገር መጣብኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ካሜራ ሲሰጡኝ ፊልም አልነበረበትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በባዶ ካሜራ ሰው አነሳሁ። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እሳቸው ፊልም ባለበት ካሜራ ያነሳሉ፣ እኔ በጎን ቆሜ ባዶውን እጫናለሁ። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ይጠይቁኛል፦ «ኮሌታው በየት በኩል ነበር የታጠፈው? ቀለበት አድርጓል? የትኛው ትከሻው ዝቅ ይላል?» ካልመለስኩ ነገም ፊልም የለም። ትከሻው እኩል የሆነ ሰው እንደሌለ ያወቅኩት ያኔ ነው። መርካቶ ተሸካሚ የነበረ፣ ውሃ የምትቀዳ፣ ልጅ በአንድ ጎን አዝላ ያሳደገች፣ ሁሉም ትከሻው ላይ ተጽፏል።

ለሠርግ ሁለት ፊልም ይዘን እንሄዳለን፤ 72 ፎቶ። ሙሽራዋ ከእናቷ ጉልበት ስትነሳ አንዴ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። ስለዚህ ቀድሞ ማየት ነበረብን። እናትየው ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ማንሳት ስትጀምር፣ አሁን ነው።

ጣጣው ማንሳቱ ላይ ብቻ አልነበረም። ውሃ ከጠፋ ወይም ከቆሸሸ ያጠብነው ሁሉ ይበላሻል፣ ይነጣል፣ ይበላለጣል። ስለ ሐረር ስለተነሳ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦም ይኸው ገጥሞታል። ከሊዮን ያስመጣው ካሜራ በ1883 እ.ኤ.አ. ሐረር ደርሶለት ራሱን ሦስት ቦታ አነሳ፤ ሰገነት ላይ፣ ቡና ተክል ውስጥ፣ ሙዝ ተክል ውስጥ እጁን አጣምሮ። ለእናቱና ለእህቱ ሲልክ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውሃ እንደሆነ ጽፎላቸዋል። እኔ ያን ሳነብ ሰውዬው ቀረበኝ። የጨለማ ክፍል ሰው የሚያውቀው ኀዘን ነው።

---

አዲስ_ጀማሪ

ጋሼ ጨለማ_ክፍል፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። እኔ የማነሳው በስልክ ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶችን ሳነሳ ነጠላው ያምራል፣ ፊታቸው ግን ይጠቁራል፤ ገጽታቸው ይጠፋል። ምን ላድርግ?

---

ጨለማ_ክፍል

የኔ ልጅ፣ ካሜራ ነጠላ ምን እንደሆነ አያውቅም። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚጎትተው። ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ፊት አብሮ ይጨልማል። ስልክሽ ላይ ፊታቸውን በጣትሽ ንኪው፤ መለኪያው በፊታቸው ይቆርጣል። ካልበቃ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ሳቢው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቦታ ነው። እናትየውን ከፀሐይ አውጥተሽ ደጃፍ ላይ፣ ከጥላው ጠርዝ ግማሽ ክንድ ወደ ውስጥ አስቀምጫቸው፤ ፊታቸውን ወደ ውጭ ያድርጉ። ከዚያ ፎቶውን ተይውና አገጫቸው ሥር ያለውን ብርሃን እዪ። ነጠላው ራሱ ከታች ብርሃን ይመልስላቸዋል።

---

ቀስ_ባይ

ጋሼ፣ ይህ ብርሃን የመመለስ ነገር ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በግልጽ ይታያል። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ ፀሐዩ አንዱን ግድግዳ ይመታና ቀለሙ ማዶ ላለው ሰው ይደርሳል። አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ጉንጫቸው በአንድ በኩል አረንጓዴ ሆኖ አየሁ። መጀመሪያ ዓይኔ ነው ብዬ ነበር። ሦስት እርምጃ ወደ ሮዝ ግድግዳ ፈቀቅ ሲሉ ጉንጫቸው ሞቀ።

ለሚሄድ ሰው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ጥሩ ነው። ሚያዝያ መግቢያ አካባቢና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ ዓይን ሁሉ ጉድጓድ ይመስላል። ማታ ደግሞ ይመሻል እያሉ ሲያስቡ ይመሻል፤ እኛ አገር ጀንበር አትዘገይም።

---

የጀጎል_ልጅ

አቦ፣ ስለ ሰፈሬ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አሁን ልናገር።

እኛ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንታይ ነው ያደግነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ ባሰ። አያቴ በር ላይ ስትቀመጥ ስንቱ ሳይጠይቅ አንስቷት ሄዷል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ስለዚህ አንድ ሰው «ካሜራ ትኩረት አስተማረኝ» ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው ከማን ላይ ተማርክ ነው። አንተ የምታየው ሰውም ያይሃል። በአንድ ቀን ውስጥ ማን ቸኩሎ እንዳለፈ፣ ማን ሰላም እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ቤታችን የሚገባ እንግዳም ሁሌ የሚያነሳው አንድ ነገር ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት። ያምራል፣ አልክድም፤ የእናቶቻችን እጅ ነው። ግን ስትገባ ቀና ብለህ ከበሩ በላይ ያለውን እንጨት እይ። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተቀምጦበት ከሆነ በዚያ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ስትዳር ይወርዳል። ነደባው፣ ማለትም የምንቀመጥበት መደብ ላይም ማን የትኛው ላይ እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ ሁሉም አንድ ከፍታ አይደለም። ይህን የሚያነሳ የለም፣ ምክንያቱም ለመጠየቅ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ቀስ_ባይ፣ አንተ ተቀምጠሃል። ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ፤ ነገሩንም ሰምቻለሁ። «አንድ የአዲስ አበባ ልጅ መጥቶ እግሬን ሲያይ ዋለ» ብለው ለቡና ቤቱ ሁሉ አውርተዋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ፎቶውን ሰጠሃቸው?

---

ቀስ_ባይ

አልሰጠኋቸውም። «እልክልዎታለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት። ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ልክ ነህ፣ ወንድሜ። ነገ አሳትማለሁ። በአንተ በኩል ብልክ ታደርስልኛለህ?

---

የጀጎል_ልጅ

አደርሳለሁ። ወረቀቱን ወፍራም አድርገው።

---

ከክሪኩ_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ስድስት ዓመቴ ነው። ተጓዥ አይደለሁም፣ ግን አገር ለቅቄ ስለወጣሁ ይህ ነገር እኔንም ይመለከተኛል ብዬ ነው።

የዕረፍት ቀኔ በሳምንት አንድ ነው። ከቡር ዱባይ ወደ ዴራ የሚያሻግር የእንጨት ጀልባ አለ፣ አብራ ይሉታል፤ በ1 ድርሃም ያሻግራል። በፊት እንደማንኛውም ሰው ረጅሙን ፎቅ ከጀርባዬ አድርጌ ራሴን አነሳና ለእናቴ እልካለሁ። እናቴ ወሎ ገጠር ናት። አንድ ቀን ዝም ብዬ የጀልባውን ፎቶ ላክሁላት። ደወለች። «ፎቁን ተይው» አለችኝ። «ይኼ ሰውዬ ጀልባውን በምን ነው ያሰረው? ጫማ ለምን አላደረገም? ልጆቹ የት ናቸው?» አላውቅም ነበር። በዚያ ጀልባ ከመቶ ጊዜ በላይ ተሻግሬያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ አየሁ። ገመዱን አያስረውም፤ መቆሚያው ላይ ባለ ብረት አንድ ዙር ያዞርና በእግሩ ጣቶች ይረግጠዋል፣ ሰው እስኪወርድ። ጫማ የማያደርገው ለዚያ ነው። ጀልባው ከመቆሚያው ሲርቅ መጀመሪያ የሚያውቀው እግሩ ነው። ልጆቹ ባንግላዴሽ ናቸው፤ ሦስት ናቸው። የእኔ አንድ ናት አልኩት። ለእናቴ የእግሩን ፎቶ አስፈቅጄ አነሳሁላት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ፎቶ እልካለሁ፣ እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ሄጄ አያለሁ።

እኔ እንደሚመስለኝ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ካሜራውም ብቻውን አይበቃም።

---

አዲስ_ጀማሪ

እህቴ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽን ዕድሜ ይስጥልሽ።

---

የላስታ_ዲያቆን

የላሊበላ ልጅ ነኝ፤ አሁን ለእንግዳ መንገድ አሳያለሁ። 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት አሳይቼ ስጨርስ የእንግዳውን ፎቶ ሳይ ሁሉም አንድ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ፣ መስቀሉ መሐል ላይ። ከታች ግን የዋሻውን መተላለፊያ ወለል ያየ ጥቂት ነው። ድንጋዩ መሐሉ ላይ ተሰርጉዷል፤ በባዶ እግር። ጫማ አውልቀህ ስትሄድ እግርህ ራሱ ማንም ሳይነግረው ወደ ጉድጓዱ ይገባል። እኔ እንግዶቼን እዚያ ላይ መብራት አጥፉ እላቸዋለሁ።

ስለ ጆሮ የተባለው ነገር እውነት ነው። በገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲባል ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ዓለቱ ጫፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ነው። ዜማው ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይመለሳል። በፎቶ ሁለት ረድፍ ነጭ ልብስ ነው የሚታየው፤ ቆንጆ ነው። ግን ከታች ያለው ሰው ቀና ሳይል ከላይ ያለው መቼ እንደሚጨርስ ያውቃል፤ እስትንፋሱን ይሰማዋል። እኔ እዚያ ላይ ለእንግዳ የምለው «አንድ አንሳ፣ ከዚያ ካሜራህን እኔ ልያዝልህ» ነው። እሺ የሚሉ አሉ። በኋላ የሚያመሰግኑኝ እነሱ ናቸው።

---

ተራራ_ወጪ

«አንድ አንሳ፣ ከዚያ እኔ ልያዝልህ።» ይህን እወስደዋለሁ። በዚህ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

---

የጀጎል_ልጅ

ቀስ_ባይ፣ ፎቶዎቹ ረቡዕ ደረሱ። ዛሬ ከአስር በኋላ ወስጄ ሰጠኋቸው። ልንገርህ።

የእጃቸውን አዩትና «ሚስቴ ይህን ብታይ ጥፍርህን ቁረጥ ትለኝ ነበር» አሉ። የፔዳሉን አየት አድርገው ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። ሦስተኛውን፣ የሙሉ በሩን፣ ሲይዙ ዝም አሉ። ወደ ብርሃን ወጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። ጣታቸውን በግራ በኩል ጥጉ ላይ አሳረፉ። እዚያ አንድ ሰው አለ፤ የሻይ ሰሃን ይዞ ለመሻገር የቆመ፣ ግማሽ ፊቱ ጥላ ውስጥ።

ሻይ የሚያዞርልን ሰው ነው። ያለፈው ሳምንት ነው የቀበርነው። ታምሞም አልነበረም፤ ሌሊት ተኝቶ በዚያው ቀረ። ሽማግሌው «30 ዓመት ሻይ አጠጥቶኛል» ብለው በሩ ላይ ተቀመጡ። ሚስቱን አስጠሩ። ከመታወቂያው ጉርድ ሌላ ፎቶ የለውም። ሥራው ላይ ሆኖ ማንም አንስቶት አያውቅም።

---

ቀስ_ባይ

ነፍስ ይማር። ለቤተሰቡ መጽናናት ይስጥልኝ።

ያን ቀን ሻዩን ያመጣልኝ እሱ ነው። ብርጭቆውን ከእጁ ተቀብያለሁ። ፔዳሉን ሳይ 40 ደቂቃ ስቀመጥ የእሱን ፊት ቀና ብዬ አላየሁትም፤ አሁን ፎቶውን ከፍቼ ነው ያየሁት። ሰሃኑ ላይ አራት ብርጭቆ አለ፣ አንዷ ጎደሎ ናት። የግራ እጁን አውራ ጣት የሰሃኑ ጠርዝ ላይ አጥፎታል፣ እንዳይንሸራተት።

ጥጉን ብቻ አውጥቼ አሳድጌዋለሁ። ትንሽ ይሻክራል እንጂ ፊቱ ይለያል፤ ጥላውን ማንሳት ችያለሁ። ጋሼ ጨለማ_ክፍል፣ ሌላ ምን ላድርግለት?

---

ጨለማ_ክፍል

ዋናውን ፋይል ላክልኝ። ፊቱን እኔ እሠራዋለሁ፤ ከ13 በ18 ሳንቲ ሜትር አትበልጥ፣ ይበታተናል። ሰሃኑን እንዳትቆርጠው።

---

ቀስ_ባይ

ልኬዋለሁ፣ ጋሼ። የጀጎል_ልጅ፣ ስንት ልጆች አሉት? ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ ለልብስ ስፌቱ ቤት አንድ። ሐሙስ በአውቶቡስ ይመጣል። ስሙን ከነአባቱ ጠይቅልኝ፣ ከጀርባው እንድጽፈው።